ግማሽ ፊት በትራስ ላይ

ሙያ በልብ ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም። ሙያ በልብ ከሆነ ማን ያየዋል? የእኔ ሙያ ያኔ አሶሳ ውስጥ በየሶፋው ላይ ነበር። ክልሉ አዲስ በተቋቋመባቸው በእነዚያ ዓመታት፣ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ተጭኖ የመጣ ሶፋ ያለው ሹም ሁሉ ሶፋውን አውርዶ ሳይጨርስ ስለ እኔ ይጠይቅ ነበር። «ያቺ ትራስ የምትጠልፈው ልጅ ቤቷ የት ነው?» ይላሉ። ከገበያው ወደ ላይ ሲሄዱ፣ ማንጎዎቹን አልፈው በስተግራ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ሥራዬን አውቀው ነበር፤ ማወቄንም አውቅ ነበር።

በከተማው ሌሎች ጠላፊዎችም ነበሩ። ጽጌረዳ ይጠልፋሉ፤ ሁለት እርግቦች አፍ ለአፍ ያገጥሙና ከሥራቸው «መልካም ዕረፍት» ብለው ይጽፋሉ። እኔ የምጠልፈው ሥዕል ነው። አቡጀዴውን በቀርከሃ ክብ ላይ ወጥሬ፣ በመርፌና በክር የማወጣው ነገር ብርሃን ነበረው፤ ጥላ ነበረው። አንድ ሹም ትራሴን ገልብጦ ከጀርባው ቀለም ፈልጎ አጥቷል። ቀለም አይደለም ብለው ምለው እስኪነግሩት ድረስ አላመነም።

ይህን ያስተማሩኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው አባቴ ናቸው። አባቴ ወሎ ሳሉ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። በድርቁ ጊዜ በሰፈራ ወደዚህ ሲያመጡን እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አባቴ ከአገራቸው ይዘው የወጡት የብሩሽ ከረጢታቸውን ብቻ ነበር። ሰፈራው መንደር ውስጥ ለብዙ ዓመት ያ ከረጢት አልተፈታም። የተፈታው ክልሉ ሲቋቋምና ወደ አሶሳ ከተማ ስንገባ ነው፤ አባቴ የቢሮ ታፔላ ጻፊ ሆኑ። ሥራ አይጠፋም ነበር። አንዱን ቢሮ ለሁለት ይከፍሉታል፤ ታፔላው ሳይደርቅ ተመልሰው ይገጥሙታል፤ አባቴም ያንኑ ቆርቆሮ ነጭ ቀብተው እንደገና ይጽፉበታል። «ይህ መንግሥት እስኪረጋጋ እኛ በልተን እናድራለን» ይሉ ነበር።

ከእሳቸው የተማርኩት ትልቁ ሕግ ይህ ነው። ጻድቅ ሰው በሙሉ ፊቱ፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። ኃጢአተኛና ሰይጣን ግን በጎናቸው፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ለምን ብዬ ስጠይቅ «እንዲህ ነው የተቀበልነው» ይሉኛል። ልጅ ሳለሁ ሕጉ ከመጠን በላይ ገብቶኝ ስለነበር፣ ሰው ከጎን ሆኖ ካየሁት እጠረጥረው ነበር። አንድ ዓይኑን ብቻ ያሳየኝን ዳቦ ሻጭ ለብዙ ጊዜ ፈርቼዋለሁ።

ሁለተኛው ከአዲስ አበባ የተመደበ የሥዕል አስተማሪ ነበር። የባሕር ማዶ ሠዓሊዎች ሥራ የታተመበት አንድ ወፍራም መጽሐፍ ነበረው። ለሁለት ሳምንት አዋሰኝ፤ እኔ ዘንድ ዓመት ከመንፈቅ ቆየ። ከዚያ መጽሐፍ፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ የፍሬ ሥዕል ወስጄ ጠልፌያለሁ፤ ፍሬውን አይቼው ስለማላውቅ ማንጎ አደረግሁት። የአዝመራ ማሳ ጠልፌያለሁ። ከሁሉም በላይ ግን ጥላ ጥቁር አለመሆኑን ተማርኩ። ቀረብ ብሎ ላየው ሰው የጉንጭ ጥላ ውስጥ ሰማያዊ አለ፤ ወይን ጠጅ አለ። ሌላም ነገር አየሁ። እዚያ አገር ንግሥቶች ሳይቀሩ በጎናቸው ተሥለዋል፤ አንገታቸው ረዝሞ፣ አገጫቸው ቀና ብሎ። መጽሐፉን ገልጬ ለአባቴ አሳየኋቸው። «በአገራቸው ይሁንላቸው» አሉና ወደ ታፔላቸው ተመለሱ።

አሁን ስለ ጎረቤታችን ልናገር፤ ነገሩ የእሳቸው ነውና። ጎረቤታችን የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ የሆኑ እናት ነበሩ፤ እኔ እማማ እላቸዋለሁ። ከሰፈራው መንደር ወጥተን ከተማ ስንገባ የምናርፍበት አልነበረንም፤ ከግቢያቸው ቆርሰው ጎጆ የሰጡን እሳቸው ናቸው። ጨርቅ የምወጥርበትንም ክብ ቀርከሃ ሰንጥቀው፣ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው፣ አጉብጠው የሠሩልኝ እሳቸው ናቸው። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። እኔን «አንተ» ይሉኛል፤ ስለ ሴት ልጃቸው ሲያወሩም «ሄደ፣ መጣ» ነው የሚሉት። መጀመሪያ ላይ ላርማቸው እሞክር ነበር፤ በኋላ እኔው ለመድኩትና ሌላ ሰው «አንቺ» ሲለኝ የተቆጣኝ ይመስለኝ ጀመር።

ያላቸው አንድ ልጅ እሷ ነበረች። እሳቸው ያልወደዱትን ሰው አግብታ ከድንበር ማዶ ሱዳን ገብታለች። ሲለያዩ ተጣልተው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሆኗል። ወሬዋ በነጋዴ አፍ ይመጣል፤ ደህና ናት፣ ወልዳለች ይላሉ። እሳቸው ግን የሚመልሱት ነገር ጠፋቸው። መጻፍ አይችሉም፤ «ይቅር ብያለሁ» ብሎ በነጋዴ አፍ መላክ ደግሞ አሳፈራቸው። አንድ ጊዜ ፎቶ ተነሥተው ሊልኩ ሞክረው ነበር። ወረቀቱ ሲወጣ ፊታቸው አልታየም፤ የሚታየው ጥርሳቸውና ሻሻቸው ነው። «ይሄ እኔ አይደለም። ይሄ ከሰል ነው» ብለው እዚያው ጥለውት መጡ።

በዚህ መሀል ነው የአንድ ቢሮ ኃላፊ ያስጠራችኝ። ለእንግዳ መቀበያው ክፍል አንድ ትራስ ትፈልጋለች፤ ትራሱ ላይ የክልሉ ሴት ፊት እንዲኖር ትፈልጋለች። «አለቆቹ ከወደዱት የእጅ ሥራ አሠልጣኝነቱ ያንቺ ነው» አለችኝ። አሠልጣኝነት ማለት ደመወዝ ነው፤ ቁልፍ ያለው መሳቢያ ነው፤ ሃያ ልጆች «መምህርት» ብለው ሲነሡልሽ ማየት ነው። ፈለግሁት። አልዋሽም፣ እንደዚያ የፈለግሁት ነገር የለም። የቀጠረችኝ ከወር በኋላ ዓርብ ቀን ነበር።

ከቢሮው በቀጥታ ወደ እማማ ሄድኩ። የከርከዴ አበባ ያሰጣሉ።

«እማማ፣ ፊትዎን ልጥለፈው?»

«የእኔ ፊት ለቢሮ ምን ያደርጋል?»

«ያምራላ!»

ሳቁብኝ። ቀጥሎ ግን ከርከዴውን በጣታቸው ሲያገላብጡ ቆዩ። «ፎቶ ቤቱ ያልቻለ ነገር አንተ ትችላለህ?»

«እችላለሁ።»

«እንዲያ ከሆነ ሁለት ሥራ። አንድ ለቢሮ፣ አንድ ለልጄ። ነጋዴው ክረምት ሳይመጣ በኩርሙክ በኩል ሱዳን ይሄዳል። ከእሱ ጋር እልካለሁ። ወላሂ፣ ልጄ ፊቴን ካየ ሆዱ ይራራል።»

«ሁለት እሠራለሁ» አልኩ። ካፍ የወጣ አፋፍ ነው። ክር ይበቃኝ እንደሆነ እንኳ አላሰብኩም ነበር።

የፊታቸው ቀለም ገበያ ውስጥ አልነበረም። ገበያው የሚያውቀው ቡናማ አንድ ነው፤ እሱም ቀጭን ሻይ ይመስላል። የሥዕል አስተማሪው ለዕረፍት ሄዶ ሲመለስ ያመጣልኝ ድፍን ጥቁር ቡናማ ሁለት ጥቅል ነበረኝ፤ ቆጥቤ ያስቀመጥኩት። አንድ የጥልፍ ክር ሲፈታ ስድስት ቀጫጭን ክር ይወጣዋል። ከጥቁር ቡናማው ሁለት፣ ከወይን ጠጁ አንድ፣ እማማ ራሳቸው ከአሮጌ ልብሳቸው ጫፍ መዝዘው ከሰጡኝ ሰማያዊ አንድ እያደረግሁ በአንድ መርፌ ከተትኳቸው። ጨርቁ ላይ ሲወርድ ቆዳ ሆነ። እኔው ሠርቼው እኔው ደነገጥኩ። ሥራው ታዲያ በፀሐይ ብቻ ነው፤ ጥቁር በጥቁር ላይ በኩራዝ አይጠለፍም።

አቀማመጣቸውን የመረጥኩት እኔ ነኝ። በጎናቸው አስቀመጥኳቸው፤ አንገታቸው ረዘመ፣ አገጫቸው ቀና አለ፤ ልክ እንደ መጽሐፉ ንግሥቶች። በጉንጫቸው ላይ ያሉትን ሦስቱን የበርታ የብጣት መስመሮች ከፍ ከፍ አድርጌ ስለጠለፍኳቸው በጣት ይዳሰሳሉ። ሦስት ሳምንት ፈጀ። አባቴ አንድ ቀን ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። ዓይናቸውን ሞራ እየያዘው ስለነበር ጨርቁን አንሥተው እስከ አፍንጫቸው አስጠጉት።

«በአንድ ዓይን?» አሉ።

«አባዬ፣ ይህ እኮ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አይደለም።»

«ቤት የሰጡንን ሰው በአንድ ዓይን?»

«በዚህ ዘመን ማን በዓይን ቁጥር ይጸድቃል?» አልኳቸው። ጨርቁን ጭኔ ላይ መለሱልኝ። እኔም ረታሁ ብዬ ቀጠልኩ።

ስጨርስ ለነጋዴው መኪና ስምንት ቀን ቀርቶ ነበር፤ ለቢሮው ዘጠኝ። ወስጄ ለእማማ አሳየኋቸው። ጉልበታቸው ላይ አድርገው ብዙ አዩት። ጣታቸው ሦስቱን መስመሮች ዳሰሰ፤ ከዚያ የገዛ ጉንጫቸውን ዳሰሰ።

«ይሄ እኔ ነው» አሉ። «ወላሂ እኔ ነው።»

ምስጋናዬን ለመቀበል ተመቻችቼ ቆምኩ። እሳቸው ግን እንባቸው መጣ።

«ልጄ የሄደ ቀን እኔ እንዲህ ነበር» አሉ። «በር ላይ ቁጭ አልኩ። መጣ፣ እቃውን ተሸክሟል። ‹እናቴ፣ ሄድኩ› አለ። እኔ እሱን አላየሁም፤ ወዲያ አየሁ፣ ወደ ማንጎው። ቆመ። ቆመ። ከዚያ ሄደ። የመጨረሻ ያየው ይሄን ነው።» ትራሱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። «ይሄን ከላክሁ፣ ‹እናቴ እስከ ዛሬ አላየኝም› ይላል።»

ማዘን ይገባኝ ነበር፤ እኔ ግን ተናደድኩ። ሦስት ሳምንት ዓይኔን ያጠፋሁበት ሥራ ነው! «የእርስዎን፣ ሁለተኛውን፣ ፊት ለፊት አድርጌ እሠራዋለሁ» አልኩና ጨርቁን ተቀብዬ ወጣሁ። ቤት ገብቼ የቀረውን ጥቁር ቡናማ ክር በክንዴ ለካሁት። ለአንድ ጆሮ አይበቃም። የሥዕል አስተማሪው ሌላ ቦታ ተዛውሯል፤ ገበያው ያንኑ ቀጭን ሻይ ይሸጣል። ያለኝ ቆዳ አንድ ነበር፤ እሱም ትራሱ ላይ ነው።

ለአባቴ ነገርኳቸውና በዚያው አፌ ፍርዱንም ሰጠሁ። «ትራሱን ለቢሮው እሰጣለሁ። የእማማን ከክረምት በኋላ ክር አስመጥቼ እሠራለሁ። ስድስት ዓመት የጠበቀ ሰው አንድ ክረምት ቢጨምር ምን ይሆናል?»

አባቴ ብሩሻቸውን እያጠቡ ነበር። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«እኛ እዚህ ከተማ የገባን ጊዜ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር» አሉ። «እሳቸው ‹ክረምቱ ይለፍና ኑ› ብለውናል?»

ወጥቼ ደጅ ተቀመጥኩ። አፈርኩ፤ ማፈሬ ደግሞ እንደገና አናደደኝ። ያንን ፊት ለአለቆቹ ሳሳይ የሚሉትን ሁሉ በልቤ ሰምቼ ጨርሼ ነበር። ከዚያ መቀሱን አመጣሁና ከአገጫቸው ጀምሬ መተርተር ያዝኩ። መጥለፍ ሦስት ሳምንት የፈጀው መተርተር ግማሽ ቀን ነው የፈጀው። እየተረተርኩ አለቅሳለሁ፤ ማንም እንዳያናግረኝ ደግሞ ፊቴን አኮሳትሬያለሁ። የተፈታው ክር ተጨማዶ ነበር፤ አርጥቤ ቀርከሃ ላይ ጠምጥሜ ሲደርቅ ተቃና።

አዲሱን ፊት በሌላ አቡጀዴ ላይ እንዲነድፉልኝ አባቴን ለመንኩ። የፊት ለፊት ፊት የእሳቸው ሙያ ነው፤ ይህን ማመን አይከብደኝም። ብሩሽ ሳይሆን ከሰል ያዙ። እማማን በገዛ በራቸው ላይ አስቀመጡና እሳቸው የመንገደኛ ያህል ራቅ ብለው ቆሙ።

«እኔን አይዩኝ» አሏቸው። «ልጅዎ እዚህ ቆማለች። እሷን ይዩ።»

እማማ ቀና አሉ። መጀመሪያ አፍረው ሻሻቸውን ነካኩ። ከዚያ በበርታ ቋንቋ መናገር ጀመሩ፤ ቀስ ብለው፣ አባቴ ወደ ቆሙበት እያዩ። የሚሉትን አላውቅም። ተቆጡ፤ አስረዱ፤ አንድ ነገር ጠየቁና መልሱን እንደሚሰማ ሰው አዳመጡ። ከዚያ ፊታቸው ሁሉ ፈታ አለ። አባቴ የነደፉት ያን ጊዜ ነው፤ ሞራ የያዘውን ዓይናቸውን አጥብበው።

ንድፉን ሳይ ዓይኖቹ በዙብኝ። «አባዬ፣ የእማማ ዓይን እኮ እንዲህ ትልቅ አይደለም» አልኩ።

«ሲያዩ ትልቅ ነው» አሉ።

ሰባት ቀን ጠለፍኩ። ፀሐይ ስትወጣ እቀመጣለሁ፤ ስትገባ እነሣለሁ። እጄ መንገዱን ስላወቀው ስሕተት አልነበረም። በሁለቱም ጉንጭ ላይ ሦስት ሦስት መስመር አወጣሁ። ክሩ ተቆራርጦ ስለነበር በጭንቅ ነው የተዳረሰው፤ አባቴ እንደለመዱት ዓይኖቹን ለመጨረሻ አስቀርቼ፣ የግራውን ዓይን ስጨርስ መርፌው ላይ የቀረኝ የጣት ያህል ክር ነበር። የእኔ ጥላ ነው፤ የአባቴ ዓይን ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ያንን የሚያህል አልሠራሁም። ስለ ራሴ ሥራ እንዲህ ስል ትሕትና ጎደለኝ አልልም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

ሐሙስ ጧት ነጋዴው ከመሄዱ በፊት እማማ ትራሱን በፌስታል ጠቅልለው ሰጡት። «ምን ልበልልዎ?» አላቸው። «ምንም አትበል። ስጠው ብቻ» አሉት።

ዓርብ ቢሮ ሄድኩ። ይዤ የሄድኩት ቀድሞ ከሠራኋቸው አንዱን፣ ማንጎዎቹ የተጠለፉበትን ነበር። ኃላፊዋ ገለበጠችው።

«ፊቱስ?»

«ድንበር ተሻገረ።»

የቀለድኩባት መሰላት። ሥራው በስፌት መኪና ለምትጠልፍ፣ በሰዓት አራት ጽጌረዳ ለምታወጣ ሴት ተሰጠ። አንድ ወር ሙሉ ተቃጠልኩ፤ አልቆጨኝም ብል ውሸት ነው። በዚያ ቢሮ በር ሳልፍ ወደዚያ አላይም ነበር። በኋላ የራሴን ልጆች በግቢዬ ውስጥ ሰብስቤ አስተማርኩ፤ ቁልፍ ያለው መሳቢያ ግን አላገኘሁም።

ክረምቱ ገባ። መንገዱ ተቆረጠ። እማማ ስለ ትራሱ አንድ ቀን እንኳ አላነሡም፤ ነገር ግን ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር ወጥተው ወደ ኩርሙክ መንገድ ያያሉ። እኔም መተኛት አቃተኝ። ደርሶ ይሆን? ውሃ ነክቶት ቀለሙ ለቆ ይሆን? ልጅቷ ገና ሳትፈታው ጥላው ይሆን? የስድስት ዓመት ቂም በአንድ ክንድ አቡጀዴ ይፈታል ብዬ ማመኔ ራሱ ዕብደት መሰለኝ።

ከመስቀል በኋላ ነጋዴው ተመለሰ። ወደ እኛ አልመጣም፤ ወደ እሳቸው ቤት ነው የገባው። በአጥሩ ቀዳዳ እግራቸውን አያለሁ እንጂ የሚሉትን አልሰማም፤ ብሰማም በርታ አልችልም። ሰውየው ወጥቶ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ እማማ በአጥሩ መግቢያ ብቅ አሉ። እኔና አባቴ ብድግ አልን።

«ልጄ ትራሱን ፈታ» አሉ። «ግድግዳ አስደግፎ ከፊቱ ቁጭ አለ። ነጋዴው ሄዶ እህሉን ሸጠ፤ ሲመለስ ልጄ እዚያው ነው፣ አልተነሣም። ‹ለእናትህ ምን ልበል?› አለው።»

የአጥሩን እንጨት ተደገፉ። አባቴ በርጩማ ሊያመጡላቸው ቢሉ በእጃቸው አስቆሟቸው።

«ልጄ ምን አለ መሰለህ? ‹እናቴ መቼ ወደ እኔ ዞረ?› አለ።»